ቦይለሩ ስንት ላይ ይሁን? የሙቀት ማዞሪያው፣ የመብራት ሂሳቡና የጎንደር ብርድ

ኅዳር ሲገባ ጎንደር ላይ ሁለት ወሬ ይበዛል። አንዱ ስለ ብርዱ፣ ሌላው ስለ መብራት ሂሳብ። ሁለቱ የሚገናኙት መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቦይለር ነጭ በርሜል ላይ ነው።

ስለ በርሜሉ የሚሰጠው ምክር ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ታጥበህ ወዲያው ካላጠፋኸው ሂሳቡ ያስለቅስሃል» ይላል። ሌላው «ማብራት ማጥፋቱ ነው ብዙ የሚበላው፤ ተወው በርቶ ይዋል» ባይ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር ዘመዱ የላከለትን ቪዲዮ እያሳየ «ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ አድርገው» ይላል። «እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ቶሎ ይሞቃል» የሚልም አይጠፋም።

ከአራቱ ለእውነት የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። እሱም ቢሆን ጎንደር ላይ ማስተካከያ ይፈልጋል። የሙቀት ማዞሪያው ራሱ ደግሞ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው የሚቆጥበው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከሂሳቡ መነሳት ይሻላል።

ሂሳቡ ለምን አሁን አሳሰበ

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ማስተካከያው ለ4 ዓመት እንዲዘልቅ ተደርጎ የወጣ ነው። ጭማሪው በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ቀስ እያለ ይገባል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው «እንደ ድሮው ነው የምጠቀመው፣ ሂሳቡ ግን ከወር ወር ይለያያል» የሚለው።

ታሪፉ በእርከን የተሠራ ነው። ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይበዛል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ቆጣሪው የሚቆጥረው መለኪያ ነው፤ 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለ1 ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከማስተካከያው በፊት በነበረው ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው፣ በ27 ሳንቲም ነበር የሚታሰበው። ከ500 በላይ ያለው ደግሞ በ2 ብር ከ48 ሳንቲም። ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ዋጋዎቹ ዛሬ ተለውጠዋል፤ በእርከን መሄዱ ግን አልቀረም።

በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ከታክሱ ነፃ ነው። 200ን ሲሻገር 15 በመቶው ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ 200 ትልቅ መስመር ናት። ቦይለርና የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ከዚህች መስመር አካባቢ አይርቅም፤ ወይ ትንሽ ከታች ነው፣ ወይ ትንሽ ከላይ።

«የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ ለምን ይጨምራል?» የሚለው ጥያቄ በየቡና ቤቱ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጭማሪው ደጋፊዎች ታሪፉ ለረጅም ጊዜ ከማምረቻና ከማድረሻ ወጪ በታች እንደቆየ ያስረዳሉ። ትራንስፎርመሩ፣ ገመዱ፣ ቆጣሪው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙ ወርዷል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከጉባ እስከ ጎንደር ሰፈር ድረስ ያለው መስመር ግን ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። የሚቃወሙት ደግሞ ደመወዝ በየሦስት ወሩ እንደማይጨምር፣ መብራቱም እየጠፋ ዋጋው መውጣቱ እንደሚከነክን ይናገራሉ። ሁለቱም የያዙት ነገር አለ። ለቤት ባለቤቱ ግን ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ በእጁ ያለው የአጠቃቀሙ ጉዳይ ነው።

የእነሱ ቦይለር ሌላ፣ የእኛ ሌላ

የምክሩ መጋጨት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። እኛ ጋ ቦይለር ማለት በመብራት የሚሠራ፣ 30፣ 50 ወይም 80 ሊትር ውሃ የሚይዝ የሻወር ማሞቂያ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ ቦይለር ሲል ግን ጋዝ የሚያቃጥል፣ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ መሣሪያ ማለቱ ነው። የሞቀው ውሃ በየክፍሉ ባሉ የብረት ማሞቂያዎች ውስጥ ዞሮ ይመለሳል።

የዚያ ዓይነቱ ቦይለር ሙቀቱ ሲቀንስ በእርግጥ ይቆጥባል። ምክንያቱ ከጭሱ ጋር የሚወጣው እንፋሎት ነው። ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይለወጣል፣ ይዞት ሊወጣ የነበረውንም ሙቀት ለቦይለሩ ይመልሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ላይ የጋዝ ዋጋ ሲንር «ዝቅ አድርጉት» የሚለው ምክር የተስፋፋው በዚህ የተነሳ ነው። ምክሩ ለእነሱ ልክ ነበር። የእኛ በርሜል ግን ጭስም ጭስ ማውጫም የለውም። በኤለመንቱ ውስጥ ያለፈው መብራት በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዝቅ ስላደረጉት ኤለመንቱ የተሻለ አይሠራም።

እስራኤል ያሉ ዘመዶች የሚሰጡት ምክር ለእኛ ይቀርባል። እዚያ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ ይጠየቃል። ፀሐይ በማትበቃበት በክረምት ብቻ የመብራቱን ማብሪያ ይጫናሉ፤ ከመታጠባቸው በፊት አብርተው ሲበቃ ያጠፋሉ። ጎንደር ውስጥ «ከመታጠብህ በፊት አብራው፣ ስትጨርስ አጥፋው» የሚለው ልማድ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በርሜሉ ውስጥ ምን አለ

ክዳኑ ሲፈታ የሚታየው ብዙ አይደለም። አንድ የተጠማዘዘ ብረት አለ፤ ኤለመንት ይባላል። ብዙ ጊዜ 1,200 ወይም 1,500 ዋት ነው። ከጎኑ ቀጭን ዘንግ የመሰለ ቴርሞስታት አለ። ቴርሞስታት የውሃውን ሙቀት እያየ መብራቱን የሚያቋርጥና መልሶ የሚያገናኝ ነው። 60 ላይ ከተደረገ ውሃው 60 ሲደርስ ያጠፋል፣ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ እንደገና ያበራል። ከታች የምትታየው ትንሿ ቀይ መብራት ስትጠፋ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

«እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ቶሎ ይሞቃል» የሚለው ስህተት እዚህ ላይ ይታያል። ቴርሞስታት የት ላይ እንደሚቆም እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይወስንም። 1,500 ዋቱ ማዞሪያው 40 ላይ ሆነም 75 ላይ ያው 1,500 ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ማዞሪያው 75 ላይ ቢሆንም 60 የሚደርሰው በዚያው ሰዓት ነው። ልዩነቱ 60 ደርሶ አለመቆሙ ነው።

«የኛ ቦይለር ድሮ ቶሎ ያሞቅ ነበር፣ አሁን ደከመ» የሚል አቤቱታም አለ። አንዳንዴ የደከመው መስመሩ ነው። የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር ይወርዳል፣ ያውም በእጥፍ ፍጥነት። 220 መሆን የሚገባው 180 ሲሆን 1,500 ዋቱ ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሰዓት ከሩብ ይጠብቃል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ይህ የተለመደ ነው። ሂሳቡን ግን እምብዛም አይነካውም፤ ቀስ ብሎ ሲሞቅ በየሰዓቱ የሚቆጥረውም ያንሳል።

ኪሎዋቱ የት ይሄዳል

ቁጥሩን እንየው። አንድ ሰው ሻወር ላይ 5 ደቂቃ ቆመ እንበል። መካከለኛ ሻወር በደቂቃ 8 ሊትር ያፈሳል፤ ባጠቃላይ 40 ሊትር። ሰው የሚመቸው 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ነው። የሚገባው ውሃ 18 ዲግሪ ከሆነ ለዚህ ሰው መታጠቢያ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። ለማስታወስም ይመቻል፦ አንድ ሰው፣ 5 ደቂቃ፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት።

አራት ሰው በየቀኑ ቢታጠብ በወር 120 ይሆናል። በርሜሉ ቀን ከሌት በርቶ ከዋለ ደግሞ በግድግዳው የሚያመልጠው ሙቀት አለ። ደህና ሽፋን ያለው የ50 ሊትር በርሜል 60 ዲግሪ ላይ ሲቆይ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያስመልጣል። በወር 30። ድምሩ 150 ነው። ከ200 መስመር ሦስት አራተኛውን ቦይለሩ ብቻውን ወሰደው ማለት ነው። ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ በቀረው 50 ይብቃቃሉ። አይበቃቸውም።

አሁን ማዞሪያውን ከ75 ወደ 60 ዝቅ እናድርገው። የሚቀንሰው ምንድን ነው? ሻወሩ ላይ የሚወጣው 120 አይነካም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በርሜሉ 75 ከሆነ ትንሽ ሙቅ ውሃ ከብዙ ቀዝቃዛ ጋር እንቀላቅላለን፤ 60 ከሆነ ሙቁን ጨምረን ቀዝቃዛውን እንቀንሳለን። ገላችን ላይ የሚደርሰው በሁለቱም 40 ዲግሪ ነው፣ የወጣበት ጉልበትም እኩል ነው። የሚቀንሰው በግድግዳ የሚያመልጠው ብቻ ነው። እሱም በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያውም ሙሉ ቀን ለሚያበራ ሰው።

ሙሉ ቀን ማብራቱን ትቶ ከመታጠቢያው ሰዓት በፊት ብቻ የሚያበራ ቤት በግድግዳ ከሚያመልጠው ግማሹን ያህል ሊያድን ይችላል፤ በወር 15 አካባቢ። አራቱም ሰዎች ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ ቢወርዱ ግን 48 ይቀንሳል። ሳሙና ሲቀቡ ውሃውን መዝጋት ብቻውን ይህን ያመጣል። በቀላሉ የሚለወጥ ቀጭን ሻወር ራስም እንዲሁ። ስለ ማዞሪያው ይህን ያህል እየተከራከርን ስለ ሻወሩ ራስ የሚያወራ ሰው መጥፋቱ ይገርማል።

የጎንደር የራሷ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ቤት ውሃውን የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ወይም ማማ ላይ ካለ ሮቶ ነው። በጥር ማለዳ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ 13 ዲግሪ ቢሆን ያው ሻወር ሩብ ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። በተቃራኒው ጥቁር ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ቢደርስ፣ 1 የነበረው ወደ 0.7 ይወርዳል። በበጋ የጎንደር ቀን ፀሐያማ ነው፤ ብርዱ የሌሊትና የማለዳ ነው። ከሥራ መልስ፣ 11 ሰዓት አካባቢ የሚታጠብ ሰው ከማለዳ ታጣቢው በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ ሊከፍል ይችላል። ማለዳ መታጠብ የለመደን ሰው ግን ለዚህ ብሎ ልማዱን እንዲቀይር ማሳመን ከባድ ነው።

ማጥፋት ወይስ መተው

«መልሶ ማሞቁ ነው የሚበላው» የሚለው አባባል ሥር የሰደደ ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሙቀት የሚያመልጠው በውስጡና በውጪው መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያመልጠውም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጠፍቶ የቆየ በርሜል ከበራው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያባክነው። መልሶ ሲሞቅ የሚወስደው ያንኑ ያነሰውን ነው። ሂሳቡ በየትኛውም በኩል ቢሠራ ማጥፋት ያሸንፋል። በምን ያህል ያሸንፋል የሚለው ግን ጠፍቶ በሚቆይበት ሰዓት ይወሰናል። ለአንድ ሰዓት ማጥፋት ከልፋት በቀር ምንም አያመጣም። ታጥቦ አጥፍቶ እስከ ማግሥቱ ማቆየት ግን ያመጣል።

ጎንደር ላይ ምክሩ የሚቀየረው መብራቱ ስለሚጠፋ ነው። «ማታ 2 ሰዓት ላይ አበራዋለሁ» ብሎ የጠበቀ ሰው 2 ሰዓት ላይ ጨለማ ሊጠብቀው ይችላል። እዚህ ላይ በርሜሉ ራሱ ይረዳል። 50 ሊትር ውሃ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ቢያስመልጥ የሚወርደው 17 ዲግሪ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ የነበረው ከ12 ሰዓት በኋላ 51 አካባቢ ይሆናል። ማታ ተሞቆ የጠፋ ውሃ ማለዳ ለሻወር በደንብ ይበቃል። ስለዚህ መብራት ባለበት ሰዓት አሙቆ ማጥፋት ያዋጣል። ከቀትር በኋላ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት መስመሩ የሚጨናነቅበት፣ ቮልቴጁም የሚወርድበት ነው።

መብራት ሲመጣ የሚከሰት ነገርም አለ። በጠፋበት ሰዓት ማብሪያውን ሳያጠፋ የተወ ቤት፣ መብራቱ ሲመለስ ቦይለሩ ከሌላው ዕቃ ጋር አብሮ ይነሳል። የሰፈሩ ሁሉ ቦይለር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ትራንስፎርመሩ ላይ ጫና ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ቦይለሩን ማጥፋት ጎረቤትንም መርዳት ነው።

50 ዲግሪ ለምን አይበቃም

ለሻወር ብቻ ቢሆን 50 ይበቃ ነበር። ችግሩ ሊጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባል፤ ከሻወር ጠብታ ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። በተለይ ለአዛውንት፣ ለሚያጨስና በሌላ በሽታ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሞቀ ውሃ በ60 ወይም ከዚያ በላይ እንዲቀመጥ ይመክራል።

ከላይ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል። ሕፃንን በዚያ ባነሰ ጊዜ። 75 ዲግሪ ላይ «ውይ» ለማለት እንኳ ጊዜ የለም። ስለዚህ ከ60 በላይ ማድረግ ለሂሳቡም ለልጁም አይበጅም። 60 ላይ ሆኖ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ ከፍቶ፣ ሙቁን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውሃውን የሚያደባልቅና ሙቀቱን የሚገድብ ቫልቭ ማስገጠም ይችላል፤ በርሜሉ 60 ሆኖ ሻወሩ ከ45 አያልፍም።

ብዙ በርሜል ላይ ግን ዲግሪው አልተጻፈም። ወይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ነው፣ ወይ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚሄድ መስመር። አንዳንዱ ማዞሪያው ውጭ ላይ የለም፤ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ እሱን የሚነካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆን አለበት። ልኩን ለማወቅ ቀዩ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሙቁን ብቻ ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ ማፍሰስ፣ በኩባያ ተቀብሎ በምግብ ቴርሞሜትር መለካት። ሙቁ ብቻውን ተከፍቶ እጅን ያለ ችግር ማቆየት ከተቻለ 60 አልደረሰም።

ጥምቀት ሲደርስ ነገሩ ይቀየራል። ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ሁሉም ለዋዜማው ልብሱን ለብሶ ከመውጣቱ በፊት መታጠብ ይፈልጋል። 60 ላይ ያለ የ50 ሊትር በርሜል በተከታታይ ሁለት ሰው ያጥባል። 75 ላይ ሦስተኛም ሊደርስ ይችላል። ለእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ከፍ ማድረግ ያስኬዳል፣ ልጆቹን እየጠበቁ። ትልቅ በርሜል ከመግዛት ይረክሳል።

ውሃው ሲጠፋ

የጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ የከተማዋ ሕዝብም ግድቡ ሲሠራ ከነበረው በብዙ አድጓል። ይህ ለቦይለሩ የራሱ አደጋ አለው።

ወደ በርሜሉ በሚገባው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ሁለት ሥራ አላት። ውሃው ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ትይዛለች፤ ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ታስተነፍሳለች። ቫልቯ ካረጀች መስመሩ ሲደርቅ በርሜሉ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ያን ጊዜ ኤለመንቱ አየር ላይ ይቀራል። ማብሪያው ከተጫነ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ከጠፋ ማብሪያው ይጥፋ፤ ሲመለስም መጀመሪያ የሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ያለ አየር፣ ያለ መንተፋተፍ ሲወርድ ነው መብራቱ የሚበራው።

ቫልቯ በማሞቂያው ሰዓት ጠብ ጠብ ስትል «ተበላሸች» ብሎ የሚደፍናት አለ። ይህ መጥፎ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ሲደርስ አንድ ሊትር በማይሞላ መጠን ይጨምራል። የሚወጣበት ከሌለ ግፊቱ በርሜሉን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጠብታዋ ሥራዋ ነው። ሳትሞቅም ቀኑን ሙሉ የምታፈስ ከሆነ ግን መቀየር አለባት።

ውሃው ይዞት የሚመጣው ደለልና ነጭ ቅርፊት ኤለመንቱ ላይ ይጋገራል። ሲያሞቅ እንደ ጀበና የሚንጫጫ ቦይለር ብዙ ጊዜ ይህ ነው ችግሩ። ቅርፊቱ ኤለመንቱን በራሱ ሙቀት ያነደዋል። ውስጡ ደግሞ አኖድ የሚባል የማግኒዚየም ዘንግ አለ፤ በርሜሉን ከዝገት ለማዳን ራሱ ይበላል። ሲያልቅ ተራው የበርሜሉ ነው። በአንድና በሁለት ዓመት አንዴ አስከፍቶ ማስጠረግና ዘንጉን ማየት አዲስ ከመግዛት ያድናል።

ሻወር ከመግባት በፊት ማጥፋት ብዙዎች የለመዱት ነው። ለቁጠባው ለውጥ የለውም፤ ለደኅንነት ግን አለው። የመሬት ሽቦው፣ ኧርዝ የምንለው፣ በትክክል መገጠሙ እርግጠኛ ካልሆነ ይህ ልማድ መቀጠል አለበት። ኧርዙን ማስፈተሽ ግን ከሁሉም ይቀድማል።

ተከራዩና የጋራው ቆጣሪ

ማራኪም ሆነ አዘዞ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ መኖሩ የተለመደ ነው። አከራዩ «ቦይለር አይፈቀድም» ሲል ክፋት ይመስላል። ሆኖም የእርከኑ ታሪፍ እሱን ነው የሚቀጣው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ቢሆን ከ200 በታች ይቆይ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ግን ድምሩ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል፣ ታክሱም ይከተላል። ተከራዩ በበኩሉ ልጆቹን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሂሳቡን በነፍስ ወከፍ እኩል ማካፈል ጠብ ያመጣል፤ ቦይለር ያለውም የሌለውም እኩል ይከፍላልና። በየክፍሉ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ማን ምን እንደበላ ያሳያል። እርከኑን ግን አያወርደውም። እሱን የሚያወርደው የተለየ የመብራት ኃይል ቆጣሪ ብቻ ነው። ቆጣሪ ማግኘቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፈጣን ማሞቂያና ሶላር

አንዳንዱ በርሜሉን ትቶ ወዲያው የሚያሞቀውን ይገዛል። በርሜል ስለሌለው በግድግዳ የሚያመልጥ ሙቀት የለም። ጥሩ ነው። ነገር ግን 5,500 ዋት የሆነው እንኳ ውሃን ከ18 ወደ 40 ሲያደርስ በደቂቃ 3.6 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። 3,500 ዋቱ ከዚያም ያነሰ። ውሃው ይቀጥናል፤ ለጥር ማለዳ አይበቃም። ቮልቴጅ ሲወርድ ለብ ያለ ብቻ ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ያለው የድሮ ቤት ደግሞ 5,500 ዋትን አይችልም። መብራት ሲጠፋ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ሙቅ ውሃም የለውም፤ ለጎንደር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሶላር የውሃ ማሞቂያ በመጀመሪያ ወጪው ያስደነግጣል። በበጋ ለሻወር የሚሆነውን አብዛኛውን ውሃ ያለ መብራት ሊያሞቅ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን መብራት ሊያግዘው ይገባል። በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ለሻወር የሚያወጣ የራሱ ቤት ያለው ቤተሰብ በየሦስት ወሩ ከሚጨምረው ታሪፍ ጋር ቢያሰላው አይከፋም። ሁለት ሰው ሆኖ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚታጠብ ቤት ግን ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለእንዲህ ያለው ቤት የ30 ሊትር በርሜል፣ 60 ዲግሪና ደህና የሻወር ራስ ይበቃዋል።